በሰው ቡድን የተሳለች ሴት

እትዬ ወርቅነሽ ያረፈችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሮም ውስጥ ሰው ቤት እያደረች የምትሠራ ሴት ሐሙስ ከሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ከእሑድ በቀር ከሰው ቤት የምንወጣባት፣ የምንገናኝባትና የምንተማማባት ቀን ናት። ለቅሶው ላይ አንዷ ደረቷን እየመታች «ሞት እንኳ የዕረፍት ቀንሽን ጠብቆ ይምጣ!» ብላ ስታለቅስ፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። እትዬ ወርቅነሽን የሚያውቅ ሰው ለቅሶዋ ላይ ቢስቅ የሚፈርድበት የለም።

ለቅሶው የተቀመጥነው ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሰፈር፣ እሷና እኔ አብረን በምንኖርባት ክፍል ውስጥ ነበር። ሴቶቹ ፎቶዋን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ከሥሩ አረንጓዴና ነጭ የኳስ ደጋፊ ሻርፕ አነጠፉ። ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጡት ወጣቱ ቄስ ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ ሻርፑን አይተው ግራ ገባቸው።

«ሟች ኳስ ይጫወቱ ነበር እንዴ?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የለም አባ። ተስላ ነበር» አልኳቸው።

«ለማን?»

«ለገብርኤል።»

«ታዲያ ሻርፑ የገብርኤል ነው?»

ምን ብዬ ላስረዳቸው? ሻይ ቀረበና ወሬው በዚያው ተቋረጠ። ያን ቀን ለእሳቸው ያልነገርኩትን እዚህ ልናገረው።

መጀመሪያ የተዋወቅን ሰሞን «እርስዎ» ብያት ነበር። ተቆጣች። «እርስዎ የሚሉኝ ሆስፒታል ውስጥ መርፌ ሊወጉኝ ሲሉ ነው፤ አንቺ በይኝ» አለች። በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሴት አንቺ ማለት አፌን ቢይዘኝም ቀስ በቀስ ለመድኩት። አጠር ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ቀኝ ጉልበቷ ስለሚያማት ወደ ጎን እያዘነበለች የምትራመድ ሴት ነበረች። ደስ የሚል ነገር ስትሰማ ጭኗን ቸብ ታደርግና አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። ሰው ቤት ውስጥ ሳቋ እንዳይሰማ የለመደችው ልማድ ይመስለኛል።

ጨዋታዋ ሁሉ ኳስ ነው። አባቷ አዲስ አበባ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የፋብሪካውን ቡድን ማልያ የሚያጥቡ ሰው ነበሩ፤ እሷም ልጅ ሆና የደረቀውን ማልያ እያጣጠፈች ነው ያደገችው። ፋብሪካው ሲዘጋ ቡድኑም ፈረሰ። «የኔ ቡድን ሞቷል» ትል ነበር። «ተሸንፎ ቢሆን ግድ የለኝም፣ የተሸነፈ የሚቀጥለው እሑድ አለው። የኔ ግን ፈረሰ።»

ስለዚህ የሰው ቡድን ትደግፋለች። ሮም በሠራችባቸው ቤቶች ሁሉ ቤቱ የሚደግፈውን ደግፋ፣ ቤቱ የሚረግመውን ዳኛ ረግማ ኖራለች። አዲስ ሰው ስትተዋወቅ እንደ ሌላው «አገርሽ የት ነው? ወረቀት አለሽ?» አትልም። «ከራስሽ ቡድን ውጪ የማን ዋንጫ ነው ደስ ያለሽ?» ነው የምትለው። ኳስ የማያውቁት ሳይቀሩ አስበው አንድ ነገር ያወጣሉ። አንዷ ባሏ አምርሮ የሚጠላው ቡድን ዋንጫ የበላ ቀን ማድ ቤት ገብታ እንዴት ብቻዋን እንደጨፈረች ነግራን ሳምንቱን ሙሉ ስንስቅ ሰነበትን።

«በራስ ቡድን ዋንጫ መደሰት ምን ይደንቃል?» ትላለች እትዬ ወርቅነሽ። «የራስ ልጅ ሲመረቅ ማልቀስ እኮ ነው። የሰው ልጅ ሲመረቅ ካለቀስሽ ነው ደስታ የምታውቂው።»

የእሷን መልስ ደግሞ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። መጀመሪያ በሠራችበት ቤት የቤቱ ልጆች የሚደግፉት ቡድን አንድ እሑድ ከሰዓት ሻምፒዮን ሆነና ልጆቹ ባንዲራቸውን ይዘው ወደ መንገድ በረሩ። እሷ አልጋ ላይ የዋለችውን እናታቸውን ልትጠብቅ ቀረች። በመስኮት የምትታያት የመንገዱ አንድ ጥግ ብቻ ናት። በዚያች ጥግ አንዲት ሴት በሞተር ብስክሌት ስታልፍ ቀና ብላ አየቻትና እጇን አወዛወዘችላት። እትዬ ወርቅነሽ የምትተኩሰውን የትራስ ልብስ አነሳችና መስኮቱ ላይ ታውለበልበው ጀመር። «የማላውቀውን ቡድን ዋንጫ በትራስ ልብስ አከበርኩት» ትላለች፣ ጭኗን ቸብ አድርጋ። እኛ እንስቃለን። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚታየኝ መስኮቱ ነው።

እኔን ሥራ ያስገባችኝ እሷ ናት። ከመጠለያ ወጥቼ፣ ሰላም ፓላስ በሚባለው የስደተኞች ሕንፃ ሰው ላይ ተደርቤ በምተኛበት ጊዜ የእሷ ሶስቲቱታ አደረገችኝ፤ ማለትም ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ እሷ ስትወጣ በቦታዋ የምቆም ተተኪ ሠራተኛ። የምትጦራቸው ሽማግሌ ሲኞር ኦታቪዮ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው፤ ሚስታቸው ሞታለች፣ ክላውዲያ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ቤታቸው ቱስኮላና አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ማለዳ ፒጃማቸውን እንደለበሱ ሥራ ልገባ ነው ብለው ባቡር ጣቢያ ከተገኙ ወዲህ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉን እትዬ ወርቅነሽ ማተቧ ላይ አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች።

ያንን ቤት እኔ አልቻልኩትም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ግልፍተኛ ነኝ፤ የተዘጋ በር አልወድም። ስገባ በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ ስሰማ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ያህል ይጨንቀኛል። መስኮቶቹ ወደ ግቢው ነው የሚያዩት፤ ግቢው ውስጥ የሌላ ሰው መስኮትና የተሰጣ ልብስ እንጂ ሌላ አይታይም። ሽማግሌው ሶፋቸው ላይ ሆነው ቴሌቪዥኑን ይቀያይራሉ። እሷ የምትተኛው በረንዳ ላይ እንኳ አይደለም፣ ኮሪደር ላይ ነው፤ ከመኝታ ቤታቸው በር ሥር ተጣጣፊ አልጋ ዘርግታ፣ ሲያስሉ እየነቃች። እኔ በሳምንት ሁለቴ ገብቼ የማብድበት ቤት ውስጥ እሷ ጸጉሯን አሸበተች።

የጡረታ ጊዜዋ ሲደርስ የደስ ደስ አብረን ቶር ፒኛታራ ይህችን ክፍል ተከራየን። ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ መስኮቱም ወደ መንገድ። የእሷን አልጋ አንጥፌ መጠበቅ ጀመርኩ። ለሲኞር ኦታቪዮ በዚያው ሰሞን ነገረቻቸው፤ «ሲኞሬ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ልወጣ ነው» አለቻቸው። ቴሌቪዥኑን መቀያየራቸውን ቀጠሉ። በዚያው ሳምንት ሳንባቸውን አመማቸውና ሆስፒታል ገቡ።

የሆነውን የነገረችኝ እዚያው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። ዓይኗ አብጧል።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለችኝ።

«ምን ሆነሻል? ብርድ ነው የመታቸው።»

«እወጣለሁ ባልል አይታመሙም ነበር። ትላንት ማታ አፋቸው ላይ ያንን የመተንፈሻ ነገር አድርገውላቸው ምን እንደሚያንሾካሹኩ ታውቂያለሽ? ቡድናቸውን። ‹ሳላየው፣ ሳላየው› ይላሉ። ዋንጫ ሳላይ ሞትኩ ነው ነገሩ። አንጀቴን በሉት። ተሳልኩ።»

«ምን ብለሽ?»

«‹ገብርኤል ሆይ፣ እሳቸውን አትርፍልኝ እንጂ፣ ቡድናቸው ዋንጫ ሳያነሳ ቤታቸውን ጥዬ አልወጣም› አልኩ።»

ገብርኤል ሰማት። ሽማግሌው በሳምንቱ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ሾርባ ጠጡ፣ ሐኪሙን ሰደቡ። እሷም ደስታዋን መሸሸግ አቅቷት ስለቷን ነገረቻቸው። «ኔሺ፣ አብደሻል» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ኔሺ የሚሏት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጉዱ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። ሲኞር ኦታቪዮ የሚደግፉት ታላላቆቹን ቡድኖች አይደለም። የተወለዱባት ከሮም በስተደቡብ ተራራ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ቡድን አላት፤ አረንጓዴና ነጭ የሚለብስ፣ አራተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት። እትዬ ወርቅነሽ ስለዚህ ቡድን የምታውቀው ከእሳቸው አፍ የሰማችውን ነው፤ እሳቸው ደግሞ መስከረም በጠባ ቁጥር «ዘንድሮ የኛ ነው!» ይላሉ። ቢበዛ አንድ ሁለት ዓመት ብቆይ ነው ብላ ነበር የተሳለችው። ስልኬን አውጥቼ የደረጃ ሰንጠረዡን አሳየኋት። ቡድኑ ከታች ሁለተኛ ነው።

ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ገልብጠሽ አሳየሽኝ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«እትዬ፣ ሰው ሻማ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል። አንቺ በአራተኛ ዲቪዚዮን ትሳያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። «ይሄ ቡድን እኮ ዋንጫ የሚባል ነገር በፎቶም አይቶ አያውቅ!»

«እኔ ምን አውቄ? ዘንድሮ የኛ ነው ሲሉ አምኛቸው ነው እንጂ።»

ዕድሜ ልኳን የሰው ቡድን ስትደግፍ የኖረች ሴት፣ የገዛ ቡድኑን የሚደግፍ ሰው በየዓመቱ ራሱን እንደሚያታልል አታውቅም ነበር። በሰው ቡድን የሚደሰት ሰው የሚመጣው ለዋንጫው ነው፤ ከዋንጫው በፊት ያለውን መከራ አያየውም።

እንዲህ ሆና ታሰረች። የተነጠፈው አልጋዋ ባዶውን ቀረ። ቢቸግረኝ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት ቄስ ይዣት ሄድኩ። የንስሐ አባቷ ናቸው። ታሪኩን ሰምተው ጺማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ።

«ልጄ፣ በሌላ እለውጥልሻለሁ» አሏት። «ጃንጥላ ስጪ፣ ጧፍ ስጪ፣ ይበቃል።»

«አባ፣ ገብርኤል ሰውየውን ሲያድንልኝ በሌላ ልለውጥ ብሎኛል?»

እሷ ወይ ፍንክች! ስንወጣ ደረጃው ላይ እጄን ይዛ «እሱ ድርሻውን አድርጓል፤ አሁን ተራው የኔ ነው» አለችኝ። በንዴት ባቡር ውስጥ አላናገርኳትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሮም ሐበሻ ሴቶች መሳቂያም መጨነቂያም ሆነ። ሐሙስ ስንገናኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ወጡ?» ነው። ተሸነፉ ከተባለ «አይ እትዬ ወርቅነሽ!» ይባላል። ኳስ ከጎን ይሁን ከላይ እንደሚገባ የማያውቁ ሴቶች የአንዲት ተራራ ከተማ አጥቂ ጉልበት ሲያመው ስለት ይገቡለት ጀመር። አንዷ ለግብ ጠባቂው ጸበል ልላክለት ብላ ስንከራከር አመሸን። አባ እንኳ ቅዳሴ ሲወጡ ጠጋ ብለው «እሑድ ከማን ጋር ናቸው?» ይሉኝ ነበር። አሰልጣኝ ተባረረ፣ ሌላ መጣ፣ እሱም ተባረረ። እትዬ ወርቅነሽ ሳቋን አልተወችም፣ ጉልበቷ ግን እየባሰባት ሄደ። የምወጣበት ቀን ይምጣ ብላ አታማርርም፤ ብቻ ሐሙስ ሲመሽና ወደዚያ ቤት ስትመለስ የደረጃውን እጀታ ይዛ ትንሽ ትቆማለች። ያንን ማየት ያመኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት አዲስ አሰልጣኝ መጣና ቡድኑ ማሸነፍ ጀመረ።

መጀመሪያ ያላመነችው እሷ ናት። «ዳኛው ሳይነፋ አታልቅሺ፣ አትሳቂ» ትለኛለች። ገና ሲያልፍ እነዚያ ሰዎች ሦስተኛ ሆኑ፣ ፋሲካ ላይ ሁለተኛ ሆኑ። እሑድ እሑድ ክላውዲያ ባመጣችው ታብሌት ጨዋታውን ሦስታችን ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ማየት ጀመርን። እትዬ ወርቅነሽ እሑድ የዕረፍት ቀኗ ቢሆንም ከቅዳሴ ተመልሳ ትመጣለች፤ ሌላ ቦታ ሆና ልታየው አልቻለችም።

ሲኞር ኦታቪዮ ላይ የሆነውን ያስተዋልኩት በዚያ ጊዜ ነው። ቡድናቸው ጎል ሲያገባ አይጮሁም። «ኦፍሳይድ ነው» ይላሉ። አንዴ ቢሆን እሺ፤ ሁልጊዜ ኦፍሳይድ ነው። ተጫዋቹ ብቻውን ከመሀል ሜዳ ጀምሮ ቢሮጥ ኦፍሳይድ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዋንጫ ሲለምኑ የኖሩ ሰው ሌላው ቡድን ሲያገባ ትከሻቸው ዘና ሲል አየሁ። ሽማግሌው ስለቱን አልረሱም። ቡድናቸው ካሸነፈ ኔሺ ትወጣለች።

ለእሷ ስነግራት «አውቃለሁ» አለች። «ማታ ማታ ሲጸልዩ እሰማቸዋለሁ። እንዲሸነፉ ነው የሚጸልዩት። እኔ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ተኝቼ እንዲያሸንፉ እጸልያለሁ። እግዜር እንዴት ያድርግ?»

የመጨረሻው ጨዋታ እሑድ ከሰዓት ነበር፣ ግንቦት ላይ። ካሸነፉ ሻምፒዮን ናቸው፤ አቻ ከወጡ ዋንጫው የሌላ ነው። ክላውዲያ አባቷን ወደ ስታዲየሙ ልትወስዳቸው ለመነቻቸው፤ «ይበርደኛል» አሉ፣ በዚያ ሙቀት። ስለዚህ እንደልማዳችን ማድ ቤት ተቀመጥን። እትዬ ወርቅነሽ የታጠበ ልብስ ክምር አጠገቧ አስቀምጣ ታጣጥፋለች። ያጣጠፈችውን መልሳ ትዘረጋለች፣ እንደገና ታጣጥፋለች። ቶር ፒኛታራ ክፍላችን ውስጥ ደግሞ ሴቶቹ በአንዲት ስልክ ዙሪያ ተደፍተዋል፤ በየደቂቃው መልእክት ይልኩልኛል፤ ጭንቀታቸው እኔን ጨረሰኝ።

ጨዋታው ምንም አልነበረበትም። ኳሷ መሀል ሜዳ ላይ ትንከባለላለች። ዕረፍት ሆነ፣ ከዕረፍት ተመለሱ፣ ባዶ ለባዶ። ሽማግሌው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እኔ ቤቱ ጠበበኝ፤ መስኮቱን ልክፈት ብዬ ብነሳ እትዬ ወርቅነሽ ቀሚሴን ያዘችኝ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አረንጓዴዎቹ ቅጣት ምት አገኙ። ኳሷ ተሻማች፣ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ፣ ጎል ውስጥ ገባች። በኋላ ስናይ የአንድ ተከላካይ ጀርባ መትታ ነው የገባችው፤ ሰውየው ራሱ አላያትም።

«ኦፍሳይድ!» አሉ ሲኞር ኦታቪዮ። ጮኹ። «ኦፍሳይድ ነው!»

ዳኛው ወደ መስመር ዳኛው አየ። የመስመር ዳኛው ባንዲራ አልተነሳም። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው ይጠብቃሉ። ዳኛው ወደ መሀል ሜዳ አመለከተ።

የቀሩትን ደቂቃዎች እንዴት እንዳለፍናቸው አላውቅም። ፊሽካው ሲነፋ እትዬ ወርቅነሽ ተነሳች። አፏን በመዳፏ አልሸፈነችም። እልል አለች። ያንን የመሰለ እልልታ ከዚያች ሴት ደረት ይወጣል ብዬ አላሰብኩም፤ ግቢው ውስጥ አስተጋባ፣ ከወዲያ ማዶ ያሉ መስኮቶች ተከፈቱ፣ አንዱ ጎረቤት «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ጠራ። እሷ ደጋግማ እልል አለች። ከዚያ ዞር ስትል ሽማግሌውን አየቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል።

«ደስ አለሽ?» አሏት፣ ሳይዞሩ።

እኔ ትዋሻለች ብዬ ነበር። በሰው ቤት የኖረች ሴት ፊቷን እንደ ቤቱ ማድረግ ታውቃለች፤ ቤቱ ሲስቅ ትስቃለች፣ ቤቱ ሲያለቅስ ታለቅሳለች። እትዬ ወርቅነሽ ይህንን ከማናችንም በላይ ትችልበት ነበር።

«አዎ ሲኞሬ» አለች። «በጣም ደስ ብሎኛል።»

«ነገ ጠዋት ማን ይቀሰቅሰኛል?»

«ነገ እኔ ነኝ። ሰው ሳላገኝልዎት አልወጣም። ግን እወጣለሁ።»

ማተቧን ከአንገቷ አወጣች። ቋጠሮው ከዓመታት ብዛት ስለጠበቀ እኔ ነኝ የፈታሁላት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ማተቡን መልሳ አሰረችው። ሽማግሌው ቁልፉን አልነኩትም። እኔ አለቀስኩ፤ ደስታ ይሁን ሌላ ነገር ዛሬም አላውቅም።

ሮዛ የምትባል ከፔሩ የመጣች ደህና ሴት ተገኘችና እትዬ ወርቅነሽ በሰኔ ወጣች። ሴቶቹ ያንን ሻርፕ ከቡድኑ ከተማ ድረስ አስመጥተው አንገቷ ላይ አጠለቁላት፤ ሲኞር ኦታቪዮ ግን ስትሰናበታቸው የተኙ መሰሉ።

ነጻነት የሚባለውን ነገር ያየሁት ያኔ ነው፤ እንዳሰብኩት አልነበረም። ክፍላችን ውስጥ በር ተዘግቶ መተኛት አልቻለችም፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ስትተኛ እኔ ከኮሪደሩ በሚመጣው ጫጫታ እነጫነጫለሁ። ጠዋት ተነስታ፣ ለብሳ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች።

«ውጪ እንጂ!» እላታለሁ። «መናፈሻ ሂጂ፣ ገበያ ሂጂ።»

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው» ትለኛለች።

አለቃ የላትም፣ የሚጠብቃት የለም፣ ሐሙስን ትጠብቃለች። በብስጭት ጸጉሬን ልነጭ ደርሼ ነበር። ሐሙስ ሲደርስ ደግሞ የት ሄደች? ጥሩ ካፖርቷን ለብሳ፣ ኬክ ገዝታ፣ ወደዚያው ቤት። ግን የቤቱን ደወል ደውላ፣ በእንግዳ ወግ ገባች። ሮዛ ሳሎን አስቀመጠቻት። እነዚያን ወንበሮች ስንት ዓመት ስትወለውል ኖራ አንድም ቀን አልተቀመጠችባቸውም ነበር። ማድ ቤት ውስጥ ማሰሮ ሲገነፍል ብድግ ልትል ስትል ራሷን ገትታ መልሳ ተቀመጠች። ይህንን ስትነግረኝ ጭኗን ቸብ አድርጋ ሳቀች።

ሽማግሌው መጀመሪያ አላናገሯትም። እየቆየ ግን የማስታወስ ችሎታቸው ጨርሶ ተዳከመ፤ ቂማቸውን ረሱ፣ ስለቱን ረሱ፣ ዋንጫውንም ረሱ። አንድ ሐሙስ «ቡድኔ ዘንድሮ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ሲኞሬ፣ ሻምፒዮን ሆነ እኮ» አለቻቸው።

«አትዋሺኝ!»

ነገረቻቸው። ቅጣት ምቱን፣ ተከላካዩን፣ ጀርባውን። አጨበጨቡ፣ አለቀሱ፣ ሮዛን ጠርተው ሳሟት። በሚቀጥለው ሐሙስ እንደገና ጠየቁ፤ እንደገና ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ያ ቡድን በየሳምንቱ ሻምፒዮን ሆነ። በሆነበት ቀን ባልተደሰቱበት ዋንጫ፣ የሚያስከፍላቸውን ሲረሱ ደስ አላቸው። «ለራት ትቆያለሽ?» ይሏታል ሁልጊዜ። «አይ ሲኞሬ፣ ቤቴ እገባለሁ» ትላቸዋለች፤ ያንን «ቤቴ» የሚለውን ስትናገር መስማት እወድ ነበር። ያረፈችውም ወደ እሳቸው ልትሄድ ካፖርቷን ስትለብስ ነው፤ ልቧ ነው አሉን።

ከሠልስቷ በኋላ ባለው ሐሙስ እኔ ሄድኩ። ክላውዲያ ሞቷን እንዳልነግራቸው ለመነችኝ፤ «በሰሙት ቁጥር አዲስ መርዶ ነው» አለች። ሲኞር ኦታቪዮ ሳሎን ውስጥ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ቀጥነዋል። ማን መሆኔን አላወቁም። ስለቡድናቸው ሲጠይቁኝ ለመዘጋጀት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም።

«ሻምፒዮን ሆነዋል ሲኞሬ» አልኳቸው። እሷ እንደምትነግራቸው አድርጌ ነገርኳቸው፤ ጎሉ ላይ ስደርስ አጨበጨቡ። ከዚያ ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ያን ቀን አንዲት ሴት ነበረች» አሉ። «እዚህ ቤት።»

«ነበረች።»

«ደስ ብሏት ነበር?»

«እልል ብላ ነበር ሲኞሬ። ጎረቤት ሁሉ መስኮት እስኪከፍት ድረስ።»

«ታዲያ... እኔስ? እኔ ምን አልኩ?»

ኦፍሳይድ ነው ብለው እንደጮኹ አውቃለሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ አውቃለሁ። እጃቸውን ያዝኩ።

«እርስዎማ ‹ደስ አለሽ?› ብለው ጠየቋት።»

«መጠየቄ ጥሩ ነው» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።